ስለ አንድ ቸርኬ ወደ መተማ የተደረገ ጉዞ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አገር ያያል። ጧት ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ጋቢውን ተከናንቦ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላ ከ800 ሜትር በታች ወደ ሆነው ቆላ ሲደርስ ግን የለበሰው ሸሚዝ እንኳ ሸክም ይሆንበታል። መንገዱ በአዘዞ ወጥቶ የጭልጋን ምድር እያቋረጠ በአይከል ያልፋል፤ ከዚያም ቍልቍለቱ እየበረታ፣ አየሩም እየሞቀ ወደ ገንዳ ውሃ ይወርዳል፤ በኮኪት በኩል አልፎ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ በሱዳን ድንበር አፍ ላይ ይቆማል።

እኔ በዚህ መንገድ የወረድሁት በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ ሲሆን፣ የጉዞዬ ምክንያት ንግድም የመንግሥት ሥራም አልነበረም፤ አንድ የሞተር ቢሲክሌት ቸርኬ ነበረ እንጂ። አንባቢ ይህን ሰምቶ ቢስቅብኝ አልቀየምም፤ እኔም ራሴ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ የብረቱን ቀለበት በጕልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሰዎቹ አንድ ጊዜ ቸርኬውን አንድ ጊዜ እኔን እያዩ ሲገረሙ በራሴ ሥቄ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው በመተማ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ገዳሪፍ ከሚኖር አንድ ነጋዴ እጅ ያገለገለ ቢ.ኤስ.ኤ. የሚባል የእንግሊዝ ሞተር ቢሲክሌት ገዙ። ዓይነቱ ኤም 20 የሚሉት ነው፤ በአንድ ሲሊንደር የሚሠራ፣ 496 ሴንቲ ሜትር ኩብ መጠን ያለው፣ የማይቸኵል ነገር ግን የማይደክም ሞተር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፋብሪካው ከዚህ ዓይነት 126,000 ያህል ለሠራዊት እንደ ሠራ የታወቀ ነው። ፋብሪካው በበርሚንግሃም ከተማ በመጀመሪያ ጠመንጃ ይሠራ ስለ ነበረ፣ ምልክቱ እርስ በርሳቸው ተደግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ናቸው። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እነዚያን ሦስት ጠመንጃዎች የጎጆ ምሰሶ ናቸው ይላሉ፤ እኔም ለማረም ሞክሬ አላውቅም።

አጎቴ ከሞቱ በኋላ ሞተሩ በእትዬ ጎተራ ውስጥ ከሰሊጥ ጆንያ ጋር ብዙ ክረምት ከረመ። የኋላው ቸርኬ ከጣራው በሚንጠባጠብ ውሃ ዝጎ እንደ ደረቀ እንጀራ መፈርፈር ጀመረ። እትዬም መንኰራኵሩን አስፈትተው በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ላኩልኝና “ልጄ፣ ይህን አሠርተህ ላክልኝ” አሉኝ። ምክንያታቸውንም አልሸሸጉኝም፤ አሮጌ ሞተሮችን የሚሰበስብ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ በሁለት ጎማው ቆሞ በራሱ ኀይል የሚሄድ ከሆነ እንደሚገዛቸው ነግሯቸው ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ቸርኬ ማለት ጎማው የሚለብሰው የብረት ቀለበት ነው፤ ሞዞ ማለት ደግሞ በመካከል ያለው፣ ፔርኖ የሚያልፍበትና ፍሬን የሚቀመጥበት እምብርቱ ነው፤ ሁለቱን የሚያያይዟቸው ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ናቸው። እኔም ቸርኬው ከተበላሸ ቸርኬውን ብቻ መለወጥ ነው ብዬ፣ ሳልለካና ሳልጠይቅ ሽቦዎቹን ሁሉ በመቍረጫ ቈርጬ ጣልኋቸው። ከዚያ ወደ ገበያ ወጥቼ የሚያምር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለዛሬ ሞተሮች የሚሠራ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ገዛሁ። የአሮጌው ልክ 19 ኢንች መሆኑን አይቼ ነበር፤ ሆኖም የ19 ጎማ በቆላ አገር እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ 18ቱ ይሻላል ብዬ በጥበቤ ተደሰትሁ። ሞዞውን በጆንያ፣ አዲሱን ቸርኬ በእጄ ይዤ ወደ መተማ ወረድሁ።

ከአይከል በታች ያለው አገር ለደገኛ ሰው እንግዳ ነው። ዛፉ አጭርና እሾኻም ይሆናል፤ በተራራው ወገብ ላይ የዕጣን ዛፍ ልጣጩን እንደ ወረቀት እያራገፈ ይታያል፤ በየሸለቆው ሽመል በቅሏል። ከገንዳ ውሃ ወዲያ ምድሩ ይዘረጋል፤ ጥቍር መረሬ መሬት ነው፤ በግንቦት ተሰነጣጥቆ የዝናብ ያለህ ይላል። ይህ ባዶ የሚመስለው ሜዳ በክረምት ሰሊጥና ማሽላ፣ ጥጥም ይበቅልበታል። ሰሊጡ ሲደርስ ፈጥኖ ካልታጨደ ፍሬው ረግፎ በመሬት ስለሚቀር፣ ከደጋው እጅግ ብዙ ሠራተኛ በየዓመቱ ወደዚህ ይወርዳል። ከሚወርዱትም ውስጥ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ አለ፤ ወባ ይዞ የሚመለስም አለ። ጓንግ የሚባለው ወንዝ ከዚህ አገር ወጥቶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይገናኛል።

መተማ በመንገዱ መጨረሻ ላይ የምትገኝ ትንሽ የንግድ ከተማ ናት፤ ስሟ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ሠራዊት ጋር የተዋጉት እዚህ ነው። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ሠራዊት አዘንብሎ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈሰሉ፤ ከቍስላቸውም የተነሣ ሞቱ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። ሬሳቸውን ይዞ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ጓድ የዘኪ ጡመል ጦር ተከትሎ ደረሰበትና ማረከው፤ ራሳቸውም ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በኢትዮጵያ ወገን ያለችው ከተማ መተማ ዮሐንስ የተባለችው ስለዚሁ ነው። በሱዳን ወገን ያለችው ጋላባት ትባላለች፤ በመካከላቸው በበጋ የሚደርቅ አንድ ፈፋ ብቻ ነው ያለው። ድምፁ ከፍ ያለ ሰው ከዚህ ተጣርቶ ከዚያ ማዶ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

በዚሁ ፈፋ ግራና ቀኝ በ1933 ዓ.ም. ሌላ ጦርነት ሆነ። ጥቅምት 27 ቀን፣ በኋላ በበርማ ጦርነት ስሙ የገነነው ዊሊያም ስሊም የህንድ 10ኛ ብርጌድን ይዞ ጋላባትን ከኢጣልያኖች አስለቀቀ፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ በተበጠሰ ሰንሰለት ቆሙ፤ የታንኮቹን መለዋወጫ የጫነው የጭነት መኪናም ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ተመታ። ስለዚህ ጦሩ የያዘውን ለቅቆ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኔ ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት አውቀው ነበር፤ ልቤን የነካው ግን ልኩን ያጣ ቸርኬ ተሸክሜ መተማ ከደረስሁ በኋላ ነው።

ኢጣልያኖቹ መተማን ለቀው የሄዱት በጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ግን በፈንጂ ዘርተውት ሄዱ። ፕሬሚንድራ ሲንግ ብሃጋት የሚባል ወጣት የህንድ መሐንዲስ መኰንን ከፊት በምትሄደው መኪና ላይ ሆኖ በአራት ቀን ውስጥ 55 ማይል መንገድ አጸዳ፤ 15 የፈንጂ ስፍራዎችም አገኘ። የተሳፈረባት መኪና ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመታች፤ ጆሮውም ተጐዳ፤ ተተካ ቢባል እምቢ አለ። ስለዚህ የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን ከፍተኛ የእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ። ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ተኝቶ የሚያንኰራፋው መንገደኛ ይህን ሰው አያውቀውም።

ማታ ከእትዬ ቤት ደረስሁ። በሰፊው ግቢ ውስጥ፣ ከቤት ውጪ በጠፍር አልጋ ላይ ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ በግንቦት በመተማ ቤት ውስጥ የሚተኛ የለምና። እትዬ የማሽላ እንጀራ በባምያ ወጥ አቀረቡልኝ። ከጎናቸው አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር፤ የልጃቸው ልጅ ነው። በካርቱም ሰባት ዓመት ሠርቶ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ ውስጥ ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ሱቁ ተዘረፈ፤ እሱም በሺህ ከሚቈጠሩ ሱዳናውያንና የሌላ አገር ሰዎች ጋር በገዳሪፍ በኩል፣ ከፊሉን በመኪና ከፊሉን በእግር፣ በዚያው ፈፋ ተሻግሮ ወደ አያቱ ቤት ገባ። የያዘው የለበሰውን ልብስ ብቻ ነበር። እትዬ በጆሮዬ “ከመጣ ወዲህ አፉን አይከፍትም፤ የሞተሩ ዋጋ ለእሱ መቋቋሚያ ነው” አሉኝ። ቸርኬው ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ጧት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወጣን። በገበያው ዳር ያሉት ጎሚስታዎች ጎማ ይለጥፋሉ፣ ከመነዳሪ ይነፋሉ፤ ቸርኬ በሽቦ መሥራት ግን የለመዱት አይደለም። ከእነሱ አንዱ ለድንበሩ ቅርብ ወደ ሆነ አንድ ዳስ መራን። በዚያም ከኦምዱርማን ተሰደው የመጡ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ባለሙያ አገኘን። በዚያች ከተማ አርባ ዓመት የቢሲክሌትና የሞተር መንኰራኵር ሲሠሩ ኖረዋል። ሰው ከእሳት ሲሸሽ ወርቁን ወይም ወረቀቱን ይይዛል፤ እሳቸው ይዘው የወጡት አንዲት የእጅ መሣሪያ ነው፤ የሽቦ ጫፍ በሦስት ትናንሽ መዳመጫዎች መካከል እያሽከረከረች ጥርስ የምታወጣ። አማርኛ አያውቁም፤ እኛም ዐረብኛችን ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ የእትዬ የልጅ ልጅ አስተርጓሚ ሆነ፤ ከመጣም ጀምሮ ብዙ ቃል ሲናገር የሰማነው ያን ቀን ነው።

ሽማግሌው አዲሱን ቸርኬዬን ተቀብለው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ቈጠሩ፤ ከዚያም የሞዞውን ቀዳዳ ቈጠሩና ቸርኬውን በጸጥታ መለሱልኝ። የእኔ ቸርኬ 36 ቀዳዳ አለው፤ የሞዞው ግን 40 ነው። እኔም “ታዲያ አራቱን የሞዞ ቀዳዳ ባዶ ብንተዋቸው ምን አለበት?” አልሁ። ልጁ ይህን ሲተረጕም ሽማግሌው ትንሽ ፈገግ ብለው፣ መንኰራኵር በድንኳን እንደሚመሰል ነገሩን፤ ድንኳን በዙሪያው ባሉ ገመዶች እኩል ሲሳብ ብቻ ይቆማል፣ ከአንዱ ወገን ገመዶች ጥቂቱ ከጐደሉ ምሰሶው ያዘነብላል። ሽቦዎቹም በየወገኑ 20 ሆነው በእኩል ርቀት ካልሳቡ ቸርኬው እንደ ዕንቍላል ይሆናል፤ ምንም ቢያጠብቁት አይቃናም። አዳዲስ ቀዳዳ ብንበሳስ ብዬም ጠየቅሁ። ይህን ሐሳቤን ግን ራሴው ብተወው ይሻል ነበር።

የቸርኬ ቀዳዳ እኮ እንዲያው ቀጥ ብሎ የተበሳ አይደለም። በየቀዳዳው ዙሪያ ብረቱ ወደ መካከል ተገፍቶ እንደ ትንሽ ጽዋ ሆኗል፤ ያችም ጽዋ አንዷ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛይቱ ወደ ግራ፣ ደግሞም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ታዘነብላለች። የናሱ ማጥበቂያ በእርሷ ውስጥ ተቀምጦ ሽቦውን ወደሚሄድበት ወደ ሞዞው ጠርዝ በቀጥታ እንዲያይ ነው። ሞዞው ትልቅ ከሆነ ማዘንበሉ ይበዛል፤ ትንሽ ከሆነ ያንሳል። ለአንዱ ሞዞ የተበሳ ቸርኬ ለሌላው ሞዞ ቢሰጥ፣ ቀዳዳው ቢተካከል እንኳ ሽቦው በማጥበቂያው አፍ ላይ ይታጠፋል። በታጠፈበትም ስፍራ ይሰበራል፤ ሽማግሌው እንዳሉት፣ ዛሬ አይሰበርም፣ ሰው ከተማመነበት በኋላ ነው የሚሰበረው።

እትዬ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። የዝምታቸውን ምክንያት እኔ አውቃለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ይኸው የኋላ ቸርኬ ተሰንጥቆ በብየዳ ተጠግኖ ነበር፤ አጎቴ ከሸንፋ ወገን ሲመለሱ ብየዳው ተለያይቶ ጣላቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ያነክሱ ነበር። እትዬ ከዳሱ ሥር ተቀምጠው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ “ሰው የሚሸከም ይሆናል ወይ በሏቸው። የማይሆን ከሆነ ሽያጩ ይቅር።” ሽማግሌውም ባለ 40 ቀዳዳ ቸርኬ ካመጣን እንደሚሆን፣ ካላመጣን ግን ገንዘብ ብንሰጣቸውም እንደማይነኩት መለሱ። በስደት ላይ ላለ ሰው ገንዘብ መመለስ ቀላል አይደለም፤ እኔ ይህን ቃላቸውን ከሥራቸው ሁሉ አስበልጬ አከበርሁት።

ባለ 40ውን ቸርኬ ያገኘነው ባልጠበቅነው ስፍራ ነው። በገበያው ውስጥ አንድ አሮጌ የመለዋወጫ ነጋዴ ሱቅ አለ፤ ከጣራው ወራጅ ላይ ሁለት ቸርኬዎች ተሰቅለው፣ በእነሱም ላይ ገመድና የጀሪካን ክዳን ተንጠልጥሎ አየን። ነጋዴው “ለማንም አልሆን ብለው ስንት ዓመት ተሰቅለዋል” አለን። አውርደን ብንቈጥር 40፣ ብንለካ 19 ኢንች ሆነ፤ የተሠራውም በህንድ አገር ነው። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የእንግሊዙ ሮያል ኤንፊልድ ሞተር ከ1955 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በማድራስ መሠራት ስለ ጀመረ፣ በእንግሊዝ አገር የተረሳው አሮጌ ልክ በህንድ ብዙ ዘመን ኖሯል። በዚህች ከተማ አፍ ላይ የህንድ ወታደሮች ለመለዋወጫ እጦት ከተመለሱ ከ80 ዓመት በኋላ መለዋወጫው ከህንድ መጥቶ በጣራ ላይ ተሰቅሎ ሲጠብቀን ማየቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስገረመኝ።

19 ኢንች በመሆኑም ሌላ ጣጣ ቀረልን። ቸርኬው በአንድ ኢንች ቢያንስ፣ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በግማሽ ኢንች፣ ማለት ወደ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያጥር፣ ሽቦውም በዚያው ልክ ገደማ ማጠር አለበት፤ ሞተሩም ከኋላው ዝቅ ይላል፣ ለአንድ መንገድ የሚዞረውም ዙር ይበዛል። ይህ ሁሉ የሚቻል ነገር ነው፤ ብዙ ሰዎችም ጎማ ለማግኘት ሲሉ ያደርጉታል። ገዢው ግን የፊትና የኋላው እኩል መሆኑን እንደሚያይ እትዬ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ የፊቱ 19 ነውና።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያ ሽማግሌው በየቀዳዳው አንድ ሽቦ ከነማጥበቂያው እያስገቡ ወዴት እንደሚያይ ተመለከቱ። የቢ.ኤስ.ኤ.ው ሞዞ በአንድ ወገን የፍሬኑን ከበሮ ስለሚይዝ በዚያ ወገን ጠርዙ ትልቅ ነው፤ በሌላው ወገን ትንሽ ነው። በትንሹ ወገን ሽቦው ወደ ቦታው አየ። በከበሮው ወገን ግን ወደ ጠርዙ ሳይሆን ወደ ፔርኖው አጠገብ አየ። ስለዚህ የዚያን ወገን 20 ቀዳዳዎች በድቡልቡል ሞረድ፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ እጅግ በጥቂቱ አጋደሏቸው። በየአንዳንዱ ላይ ማጥበቂያውን አስቀምጠው ጭንቅላቱ በጽዋው ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን በጥፍራቸው ይዳስሱ ነበር። ማጋደሉ ከዚህ የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ ቸርኬውን ይመልሱት እንደ ነበረ በልጁ አፍ ነገሩኝ።

የሽቦው ርዝመት እኔ ባልጣልሁት ኖሮ ከአሮጌው ይለካ ነበር። አሁን ግን ሽማግሌው በካርቶን ላይ በምስማርና በክር ሁለት ክብ ሣሉ፤ አንዱ የሞዞው ቀዳዳዎች ዙር ነው፣ ሁለተኛው የቸርኬው። በሁለቱም ላይ የአንዱን ወገን 20 ቀዳዳ በነጥብ አስቀመጡ። ሽቦው ከሞዞ ወደ ቸርኬ በቀጥታ እንደ ፀሐይ ጨረር አይወጣም፤ ጐን ለጐን አጋድሎ፣ ጎረቤቶቹን ተሻግሮ ይሄዳል። ካቴናው ሞዞውን ሲስብና ፍሬኑ ሲይዘው ኀይሉ ወደ ጎማው የሚተላለፈው በዚህ መስቀል ምክንያት ነው፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ቢወጡ ሞዞው በመካከላቸው ይጠመዘዛል። በሥዕሉ ላይ ያለውን ርቀት በክር ለክተው፣ የሞዞው ጠርዝ ከቸርኬው መካከል ወደ ጐን የሚርቅበትንም ጨምረው፣ ለከበሮው ወገን አጭሩን፣ ለሌላው ረጅሙን ልክ አወጡ። ከዚያ ከረጃጅም ሽቦዎች 40 ቈርጠው በዚያች ከኦምዱርማን በመጣች መሣሪያ ጥርስ አወጡላቸው። ጥርሱ ብረቱን እየቈረጠ ሳይሆን እየዳመጠ የሚወጣ በመሆኑ ሽቦው አይሳሳም፤ ይህንን ሲያስረዱ በእጃቸው ሊጥ እንደሚዳምጥ ሰው ያሳዩን ነበር፣ እትዬም ወዲያው ገባቸው።

የእኔ ጥፋት ሁለተኛ ዕዳ አምጥቶ ነበር። የኋላ ቸርኬ ሁልጊዜ በሞዞው መካከል አይቆምም፤ ካቴናውና ከበሮው ቦታ ስለሚይዙ ወደ አንድ ጐን ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ ልኩም የሚታወቀው አሮጌው ሳይፈታ በቀጥ ያለ ብረት ሲለካ ነው። እኔ ሳልለካ ቈርጫለሁ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቈጡም። ሽቦዎቹን በላላ ሁኔታ አስረው መንኰራኵሩን በሞተሩ ላይ አግብተው፣ ከኋላ እስከ ፊት ጎማ በግራና በቀኝ ሁለት ክር ወጠሩ። ልጁ ከፊት ሆኖ የክሩን ጫፎች ያዘ፤ እኔ ከኋላ ያዝሁ። የፊቱ ጎማ ከሁለቱ ክሮች እኩል እስኪርቅ ድረስ ሽማግሌው የአንዱን ወገን ሽቦ እያላሉ የሌላውን እያጠበቁ ቸርኬውን ወደ ጐን ፈቀቅ አደረጉት። አንድ ሙሉ የከሰዓት በኋላ እንዲህ ክር ይዘን በፀሐይ ቆምን። ቆላውን ለማያውቅ አንባቢ ይህ ቀላል ይመስለው ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን ማቃናት ብቻ ቀረ። ከቸርኬው አጠገብ አንድ ምስማር አስረው፣ መንኰራኵሩን እያዞሩ፣ በምስማሩና በቸርኬው መካከል ያለውን ብርሃን ይመለከታሉ፤ ብርሃኑ የሚጠብበትን ስፍራ አግኝተው አንዱን ማጥበቂያ ሩብ ዙር ያላላሉ፣ ተቃራኒውን ሩብ ዙር ያጠብቃሉ። የጐን ማወዛወዙ ሲጠፋ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለሉን ያያሉ፤ ያንን ሲያቃኑ የጐኑ መልሶ ይበላሻል። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በቁልፍ ጫፍ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ፤ የአንዱ ወገን ሽቦዎች እንደ ክራር አውታር ተመሳሳይ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል፣ ደንቈሮ ድምፅ ያለው የላላ ነው። ልጁ በመጀመሪያ ይተረጕም ነበር፤ ቆይቶ ግን መተርጐሙን ትቶ ራሱ እየመታ ማዳመጥ ጀመረ። ሽማግሌውም ቁልፉን ሰጡት። በመጨረሻ ከማጥበቂያው አልፈው የወጡትን የሽቦ ጫፎች ሞርደው፣ ከመነዳሪው እንዳይበሳ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቈረጠ ጥብጣብ በላያቸው አለበሱና ጎማውን አገቡ።

በማታው ሽማግሌውን ወደ ቤት ጋበዝናቸው። ከእራት በኋላ እትዬ ቡና አፈሉ፤ ሽማግሌው በጦርነቱ መጀመሪያ ሳምንት ቤታቸውን ቈልፈው እንዴት እንደ ወጡ፣ ቁልፉንም እስከ ዛሬ በኪሳቸው እንደያዙ ነገሩን። ከኦምዱርማንና ከመተማ ታሪክ አንዳች አላነሣንም። ይህን ሳስብ ግን እትዬ ቡናውን ሁለተኛ ቀድተውላቸው ነበር።

በማግሥቱ ሳይሞቅ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የሞተሩን ቤንዚንና ዘይት ሞልተን አስነሣነው። የነዳው ልጁ ነው፤ በገንዳ ውሃ መንገድ ጥቂት ሄዶ ተመለሰ። ሽማግሌው ወዲያው አስቁመው ሽቦዎቹን እንደገና መታ መታ እያደረጉ አዳመጡ፤ አዲስ መንኰራኵር መጀመሪያ ሲሄድ ሽቦዎቹ ይቀመጣሉና ጥቂቶቹ ይላላሉ። ሰባቱን አጠበቁ። ከዚያ ልጁ ሁለተኛ ሄደ፤ እስከ ኮኪት መንገድ ርቆ ሄዶ እትዬ እስኪጨነቁ ድረስ ዘገየ፤ ሲመለስም እየሣቀ ነበር።

የአዲስ አበባው ገዢ በስልክ ፎቶግራፍ አይቶ፣ ቸርኬው የህንድ መሆኑን አውቆ ከዋጋው ሊቀንስ ፈለገ። እትዬ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው “ጌታዬ፣ አሮጌውን ከፈለጉ እሱም እዚህ አለ፤ ባለቤቴ በእሱ ላይ ነበር እግራቸውን ያጡት። በየትኛው መሄድ ይሻልዎታል?” አሏቸው። ሰውዬው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም የተስማሙበትን ሙሉ ዋጋ ሊከፍሉ ተስማሙ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ በሰሊጥ ጆንያዎች መካከል በገመድ ታስሮ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ።

ከገንዘቡ ላይ ልጁ ድርሻውን ተቀብሎ በሽማግሌው ዳስ አጠገብ ሁለተኛ ዳስ ቀለሰ፤ ሞረድና ቁልፍ፣ አንድ ነፊ ፓምፕም ገዛ። የእኔን የሚያብረቀርቅ ባለ 36 ቸርኬ እዚያው ትቼለት መጣሁ፤ ለዛሬ ሞተር ልክ ስለሆነ በሳምንቱ እንደ ሸጠው ሰማሁ። ዝጎ የተበላሸውን የአጎቴን ቸርኬ ግን እትዬ ለማንም አልሰጡትም፤ ከመሄዴ በፊት በግቢው ጥላ ሥር መሬት ላይ አስተኝተው የውሃ እንስራቸውን በላዩ አስቀምጠውበት አየሁ።